የጉራ ግብር አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ያልሰማህም ሰማሁ ብለህ አታውራ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያስከፍላል።

እኛ በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ በጉንደ ወይን ከጠላ ቤት አግዳሚ ላይ የተሰየምን፣ ጤፋችን ከወተት የነጣ፣ በሬያችን ከጎረቤት ወረዳ በሬ አንድ ክንድ የሚረዝም፣ ቅኔያችን አገር ያስተማረ፤

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግ አንዱን ጋሻ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ 15፣ 10 እና 5 ብር እንደጣለበት፤ ያን ጊዜም ለም መሬት ያለው ሁሉ እርሻውን ጠፍ ነው ብሎ ሲምል እንደከረመ በማስታወስ፤

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አስራትን አንሥቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርን በአዋጅ ቁጥር 255 በተካ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ላይ «ገቢ» ተብሎ የተጻፈው ቃል አባይን ተሻግሮ ጎጃም ሲደርስ «ገመድ» ተብሎ እንደተነበበ፤ ርስቴ ተለክቶ ገባር ልሆን ነው ያለው የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ ጠመንጃውን ከማገር ላይ እንዳወረደ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ወደ ከፋ ተዛውረው ውዝፉ ግብር እንደተሰረዘ በማሰብ፤ (ለዚህ ሁሉ የሞተው ሰው ግን ውዝፍ አይደለምና አልተሰረዘም።)

በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ የቀን ገቢ ግምት የሚሉት መጥቶ፣ ባለሱቁ ለገማቹ የተናገረው ሌላ፣ ገማቹ የጻፈው ሌላ፣ የመጣው ክፍያም ሌላ ሆኖ በየከተማው ሱቅ እንደተዘጋ ሳንዘነጋ፤

ግብሩ ስሙን ሲቀያይር የገማቹ ጥያቄና የተገማቹ መልስ ግን ባሉበት መቅረታቸውን በመረዳት፤

የገቢ ግብርን በሌላ ለመተካት የሚከተለውን አውጀናል።

ከማወጃችን በፊት አማራጮችን መርምረናል። ልጃቸው አሜሪካ ያለች አንድ አባት፣ እዚያም የገቢ ግብሩን ነቅለን በሽያጭ ላይ 23 በመቶ እንትከል የሚሉ እንደራሴዎች እንዳሉ፣ ረቂቁንም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምረው ሲያቀርቡ ሲመለስባቸው ዛሬ እንደደረሱ አስረዱ። ሸንጎው ሊያጨበጭብ ሲል ባለጠላዋ እትዬ ከጋኑ አጠገብ ቀና አሉ። «ሽያጭ ያላችሁት የኔን ጣሳ አይደል? ባለ አሥር በሬውም የሚጠጣው በጣሳ፣ በሬ የሌለውም በጣሳ። እኩል ጠጡ ብላችሁ እኩል ልታስከፍሏቸው ነው?» አሉና ጎንበስ ብለው መቅዳታቸውን ቀጠሉ። ደግሞም በሽያጭ ላይ 15 በመቶ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፤ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚለውን ጥያቄ ያወረሰን እሱ ነው። ሐሳቡ ወደቀ።

የመስኮት ግብርም ቀርቦ ነበር። እንግሊዞች በ1696 እ.ኤ.አ. ቢጥሉት ሰዉ መስኮቱን በግንብ ደፈነ ይባላል። የኛ ጎጆ ግን ቀድሞውኑ መስኮት የላት፤ ምን ልትደፍን ነው? የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ ጢም ላይ ግብር ጥሎ ለከፈለ ሰው የመዳብ ምልክት መስጠቱ ሲነገር አንድ የደብር አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፍን።

የሚቀጥለው ጉዳይ ይኸው ነው። አንድ አባወራ ገማች ሲመጣበት «ምን አለኝ ልጄ፤ አንዲት ላም ነበረችኝ፣ እሷም ነጠፈች» ይላል። በሳምንቱ ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ሽማግሌ ሲልክ ያችው የነጠፈች ላም አምስት ወልዳ፣ በሬው ሦስት ጥማድ ሆኖ፣ ጎተራው ካምናው እህል አልጎደለም። ሽማግሌው ይምላል፣ የልጅቷ አባት ያምናል ወይም ያመነ ይመስላል። ሸንጎው ያየው እንግዲህ ይህን ነው፦ ይህ አገር ሀብቱን አይደብቅም፤ ለማን እንደሚናገር ብቻ ይመርጣል። ስለዚህ ግብሩ ሰው ደስ ብሎት በሚናገርበት ቦታ ይሰበሰባል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የጉራ ግብር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ጠቅሶ መጎረር ግን ግብር አለበት።

አንቀጽ 2። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ «ጉራ» ማለት በሰርግ፣ በሽምግልና፣ በማኅበር ወይም ከሁለተኛው ጣሳ በኋላ ስለ ራስ ሀብት የተነገረ ማናቸውም ቃል ነው። ከአንደኛው ጣሳ በፊት የተነገረ እንደ መረጃ ይቆጠራል።

አንቀጽ 3። ጉራ እንደ ቀድሞው መሬት በሦስት ይመደባል። ምስክር ባለበት የተነገረ ለም ጉራ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ምስክሩ ራሱ የጎረረ እንደሆነ ለም ጠፍ ይባልና 20 በመቶ። ሚስት «ተው እንጂ!» ብላ በእግሯ የነካችው ጉራ ጠፍ ነው፤ 15 በመቶ። በወር እስከ 2,000 ብር የሚገመት ጉራ ነጻ ነው። ይህችን ልክ ከራሳችን አላመጣናትም፤ የ2017ቱ ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ለደመወዝተኛ የተወውን 600 ብር ወደ 2,000 ከፍ ሲያደርግ እኛም ለጎራሪ ራራን።

አንቀጽ 4። ግብር ገማች የሚሆነው መሬት የቆጠረ ሳይሆን ቅኔ የቆጠረ ነው። ዋሸራ ወይም ዲማ ጊዮርጊስ የተማረ ከተገኘ ይመረጣል። የገጠሩ ማመልከቻ ሁሉ ሰምና ወርቅ ስላለው፣ «እኔ ደሃ ምን እበላለሁ» የሚለውን ባለሒሳብ ቢያይ ሰሙን መዝግቦ ይሄዳል። ቅኔ ቆጣሪው ግን «ምን እበላለሁ» ማለት «ከየትኛው ጎተራ ልጀምር» እንደሆነ ይፈታዋል። ግብሩ የሚሰላው በወርቁ ላይ ነው። ገመድ ይዞ የተገኘ ገማች ከጉንደ ወይን ሳይመሽ ይወጣል፤ ያለፈውን አልረሳንም።

አንቀጽ 5። ሙሾ ከግብር ነጻ ነው። ሟች በሕይወቱ ያላያቸውን በሬዎች አስለቃሽ ብትነዳለት ማንም አይጠይቃትም። ሆኖም ወራሽ ነኝ ባይ በሙሾው የተጠሩትን በሬዎች ፍለጋ የመጣ እንደሆነ ሙሾውን እንደ ማስረጃ ይዘን ከእሱ እንቀበላለን።

ደመወዝተኛም ነጻ ነው። በወር 9,000 ብር የሚያገኝ መምህር በአዲሱ ስሌት 1,400 ብር እጁ ሳይገባ ይቆረጥበታል፤ ጡረታውን ሳንጨምር። ገቢውን መደበቅ የማይችል ብቸኛ ዜጋ እሱ ነው፤ መንግሥት ከሚስቱ አስቀድሞ ያውቀዋል። ምን ብሎስ ይጎርራል? ቢጎርርም ተማሪዎቹ ጫማውን አይተዋል።

አንቀጽ 6። ይህ አዋጅ ሲሰማ አገሩ ሁሉ በአንድ ጀንበር ትሁት እንደሚሆን ይጠበቃል። ያለ ልክ ትሁት የሆነ ሰው ግብር እንደሰወረ ተቆጥሮ ይመረመራል። «ከኔ የባሰ ደሃ አገር ውስጥ የለም» ማለትም ያው ጉራ ነው፤ «ከኔ የባሰ» የሚለው ቃል ብቻውን ለም ያሰኘዋል።

አንቀጽ 7። ስለ ከፍተኛ ግብር ከፋዮች። ረቂቁ ለውይይት ሲቀርብ የወረዳው ሣር ቤት ሁሉ ጉራ ተደምሮ የአንድ ዓመት የትምህርት ቤት ጠመኔ እንኳ አልሸፈነም። ጸሐፊው ተስፋ ቆርጦ ብዕሩን ሊያስቀምጥ ሲል አንድ የጡረታ ሰው «ሪፖርትስ?» አሉ። ዝም ተባለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ ሳቀ።

በመሆኑም «100 ፐርሰንት ተከናውኗል» የሚል ሪፖርት ሁሉ ለም ጉራ ነው። በሪፖርት የተጠናቀቀ መንገድ በኪሎ ሜትር፣ በሪፖርት የጸደቀ ችግኝ በራሱ ቁጥር ይከፈልበታል። ችግኙን ሄዶ ማየት አያስፈልግም፤ ግብሩ በቃሉ ላይ እንጂ በችግኙ ላይ አይደለም። በዚህ ብቻ ጠመኔው ተሸፍኖ፣ ጥቁር ሰሌዳው ተገዝቶ፣ መምህሩ ጫማ ይቀይራል። ከፋዩ ያው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ጠያቂው አንድ ጣሳ ተጋብዟል።

አንቀጽ 8። ስለ ሥልጣን። የፌዴራል አዋጅ ከአግዳሚ ላይ ይሻራል ወይ የሚል ጠበቃ ይኖራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 የገበሬውንና የግለሰቡን ነጋዴ ግብር ለክልል ትቷል፤ ስለ ጉራ ግን ለፌዴራልም ለክልልም አልሰጠም። ያልተሰጠውን እኛ ወስደናል።

አንቀጽ 9። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። ከዚህ አዋጅ በፊት የተጎረረ ውዝፍ፣ የጎጃም ውዝፍ ግብር በተሰረዘበት ልማድ መሠረት ምሕረት ተደርጎለታል። የሚያፍር ካለ በፈቃዱ ይክፈል። እስካሁን የመጣ የለም።

አንቀጽ 10። አዋጁ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሆኖም ቅኔ ቆጣሪው ረቂቁን ሲያነብ ከመግቢያው ላይ ቆሞ፣ ጤፋችን ከወተት የነጣ፣ በሬያችን አንድ ክንድ የሚረዝም የሚለውን በጣቱ አስምሮ፣ ሸንጎው ሁሉ በምስክርነት በተቀመጠበት የተነገረ ስለሆነ በለም መድቦ 35 በመቶውን በአዋጁ ጸሐፊ ስም አስፍሯል። ጸሐፊው ይግባኝ ብሏል። በማመልከቻው ጤፏ የጎረቤት እንደሆነች፣ በሬው ከአጎቱ በውሰት እንደመጣ፣ የራሱ የሆነ አንዲት ዶሮ ብቻ እንዳለችው፣ እሷም እንቁላል ካቆመች እንደሰነበተች አስረድቷል።

ቅኔ ቆጣሪው ማመልከቻውን ተቀብሎ ወርቁን እየፈለገ ነው።