አንድ ለእናቱ መስኮት

እኛ እኮ የዶላር ነገር የማይገባን ሰዎች አይደለንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ጠዋት ፊታችንን ሳንታጠብ «ዛሬ ስንት ገባ?» እንባባላለን። የየባንኩን መግዣና መሸጫ በቃላችን እናነበንባለን። ከአንድ ኪሎ ቲማቲም ላይ አምስት ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት ቆመን እንከራከራለን። ይህ ሁሉ እውቀት፣ ይህ ሁሉ ክርክር፣ ከቦሌ ተነስተን ሰው አገር ስናርፍ የት እንደሚገባ እንጃ።

ለዕቃ የምንመላለስባት ዱባይ ትበቃናለች። ሻንጣ ስንጠብቅ ቆይተን፣ እንቅልፍ እያዳፋን እንወጣለን። ታክሲ ያስፈልገናል። ታክሲው ገና ሳይነቃነቅ 25 ድርሃም ቆጥሮ ይጠብቀናል፤ እኛ ደግሞ ድርሃም የለንም። የገንዘብ መመንዘሪያዋ መስኮት እዚያው ናት፤ መብራቷ ቦግ ያለ፣ አንድ ለእናቱ። ከላይዋ የተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የሌለ የአገር ገንዘብ የለም፤ የኛ ብር ብቻ የለም። እሱንስ ለምደነዋል።

ሰሌዳው ሁለት ረድፍ አለው፤ «እንገዛለን» እና «እንሸጣለን»። ገዢው ማን ነው? ሻጩስ? ድርሃም ልንገዛ መጥተን ዶላር ሻጭ ተባልን። በሌሊት ይህን ሲያሰሉ መቆም ከባድ ነው። ከብዙ ጉዞ በኋላ ያገኘነው መላ አንድ ነው፤ ከሁለቱ የሚከፋው የኛ ነው።

ሌላ ገንዘብ ቢሆን «ገበያው ይዋዥቃል፣ ለኪሳራ መጠባበቂያ ነው» ይሉናል፤ እኛም ራሳችንን ነቅንቀን እናልፋለን። ድርሃም ግን የት ይዋዥቃል? እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.6725 ታስሮ ተቀምጧል። ነዳጅ ወጣ፣ ነዳጅ ወረደ፣ ኮሮና መጣ፣ ኮሮና ሄደ፣ እሱ ንቅንቅ አላለም። መስኮቷ ጋ ሲደርስ ብቻ እግሩ ይከዳዋል፤ በቀደም ስንደርስ 3.40 ሆኖ ጠበቀን።

200 ዶላር ሰጠን። ፓስፖርት አምጡ ተባልን፣ ሰጠን። ፈርሙ ተባልን፣ ፈረምን። «ያለ ኮሚሽን» የሚል ማስታወቂያ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ደረሰኙ ላይ ደግሞ «የአገልግሎት» የሚባል 15 ድርሃም አለ። ኮሚሽን አይደለማ! 734 ድርሃም ከምናምን መሆን የነበረበት 665 ሆኖ እጃችን ገባ። ለታክሲ ብለን መንዝረን፣ ዴይራ ሰፈር ድረስ የሚወስደን የታክሲ ሒሳብ እዚያው መስኮቷ ውስጥ ቀረ።

ከኋላዬ የቆሙ እናት ነበሩ፤ ነጠላቸውን ያጣፉ።

«ልጄ፣ ስንት አሉህ?»

«3.40 ነው፣ እማማ።»

«ዴይራ 3.66 አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ለምን ትሰጣቸዋለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ዞር ብዬ ሳይ እሳቸውም ከመቀነታቸው ዶላር እየፈቱ ነው።

ምክንያቱ ጠፍቶን አይደለም። የአየር ማረፊያ ቦታ ኪራዩ እሳት ነው፤ ኪራዩን የሚከፍለው ደግሞ ተሰላፊው ነው። መስኮቷ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ናት፤ የሌሊቱንም የምንከፍለው እኛ ነን። ከሁሉ በላይ አማራጭ እንደሌለን ታውቃለች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ መስኮቷም የተተከለችው የቸገረው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው።

ካርድ ያለው ዘመዳችን «እኔስ አመለጥኩ» ብሎ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ማሽኑም በትሕትና ይጠይቀዋል፦ ሒሳቡ በካርድዎ ገንዘብ ይሁን ወይስ በድርሃም? እንዴት ያለ አሳቢ ማሽን ነው! የሚያውቀውን ዶላር ይጫናል። ምንዛሪውን በዚያች ቅጽበት የሚቆርጠው የካርዱ ባንክ መሆኑ ቀርቶ የማሽኑ ወገን ይሆናል፤ የማሽኑ ወገን ደግሞ የመስኮቷ ሥጋ ዘመድ ነው። ድርሃም የሚለውን መጫን ነበረበት። ይህንን የምናስታውሰው ግን ሁልጊዜ አገር ቤት ከገባን በኋላ ነው።

ስንመለስ 90 ድርሃም ተርፎናል። ከሳንቲሙ ጋር ያቺው መስኮት ላይ ዘረገፍነው። ሳንቲሙን በጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችልን፤ ሳንቲም አንቀበልም። የቀረውን ቆጠረች። አሁን ዶላር በ3.95 ሆኗል፤ በሄድንበት ሳምንት ያደገ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። «የአገልግሎት» 15 ተቀነሰ። ሒሳቡ 18 ዶላር ከ98 ሳንቲም መጣ።

18 ዶላር ሰጠችን። የቀረውን ስንጠይቃት ፈገግ አለች፤

«ሳንቲም አንይዝም።»