ጎጆዋ ኤ፣ ቪላው ጂ

እንግሊዝ አገር ቤትም እንደ ተማሪ ካርድ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በተጀመረው አሠራር የሚሸጥ ወይም የሚከራይ ቤት ኃይል አጠቃቀሙ ተመዝኖ ከኤ እስከ ጂ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ወረቀቱ 10 ዓመት ያገለግላል። ለንደን የሚኖር አንድ የአርሲ፣ የአሰላ ልጅ ይህንን ወሬ ይዞ አገር ቤት አክስቱ ዘንድ ገባ እንበል። አክስትየው ደግሞ ነገር መሬት ሳይነካ የሚቀልቡ ናቸው።

«እትዬ፣ እዚያ ደረጃው ከኢ በታች የሆነ ቤት ማከራየት ክልክል ነው።»

«እዚህ እንዲያ ቢታወጅ አከራዩ ምን ይሆናል? ሜዳ ላይ የሚያድረው ተከራዩ ነው።»

«ዋናው ነገር ቤቱ ሙቀት ይዞ ማቆየቱ ነው።»

«2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅለን፣ የጭላሎ ተራራ ከ4,000 ሜትር ቁልቁል እየተነፈሰብን፣ መጀመሪያ ሙቀቱን ማን ሰጥቶን ነው የምናቆየው?»

«ማሞቂያ የሌለው ቤት ከሆነም ችግር የለም። መዛኙ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዳለ አድርጎ፣ ሳሎኑንም 21 ዲግሪ ብሎ ያሰላዋል።»

«ካልቀረ እራትም እንደበላን አድርጎ ያስላልን!»

ለመዛኙ ጠበቃ ልቁምለትና፣ እንዲህ የሚያሰላው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚመዝነው ቤቱን እንጂ ነዋሪውን አይደለም። አንዱ ጋቢ ደርቦ ስለቻለው ብቻ ቀዝቃዛ ቤት ጎበዝ ተብሎ እንዳያልፍ ነው። ችግሩ፣ በዚህ ሚዛን አርሲ ላይ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ ነው።

«በል እስቲ፣ የድሮው የሣር ቤታችን ስንት ያመጣል?»

ልጁ መዋሸት አልቻለም። ወፍራም የሣር ክዳን በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀት ቶሎ አያሾልክም። ቆርቆሮ ግን ቀን ያነድዳል፣ ማታ ውርጩን እንዳለ ያስገባል።

«እንግዲያው ጎረቤታችን ቆርቆሮ አለበስኩ ብሎ የደገሰው ለወደቀበት ፈተና ነዋ!»

ጎረቤትየውን ግን ሞኝ አላደርገውም። ቆርቆሮ አያፈስም፣ በየጊዜው ሣር አጭዳችሁ ክደኑኝ አይልም፣ ከምድጃ ለተፈናጠረ ፍንጣሪም አይበገርም። የጎደለው ከስሩ ያለው ኮርኒስ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ቤት ከማዳበሪያ ከረጢት ይሰፋል።

«ስዊድኖች እኮ እ.ኤ.አ. በ1967 ካዱ በተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት እዚሁ አሰላ ነበሩ። ብርድ የሚያውቅ ሕዝብ ቤት ማሞቅ ሳያስተምራችሁ ሄደ?»

«ማዳበሪያ አስለመዱን፤ ይዘቱን ለገብሱ፣ ከረጢቱን ለኮርኒሱ። ከዚህ በላይ ምን ያስተምሩ?»

ልጁ እዚህ ላይ ትንሽ አገገመ።

«የሣር ቤቱ ሙቀት ግን ከነጭሱ ነው።»

«ጭስ ምን አለበት፣ ነፍሳት ያባርራል።»

«ዓይንዎንም አብሮ እያባረረው ነው፣ እትዬ።»

አንድ ለዜሮ። ጭቅጭቁ ወደ ምድጃ የዞረውም ያን ጊዜ ነው፤ በእኔ ግምት ደረጃ መስጠትም መጀመር የነበረበት ከዚያው ነው። የአርሲ ደጋ ቤት ኃይል የሚፈጀው ሳሎን ለማሞቅ ሳይሆን እንጀራና ቂጣ ለመጋገር ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የተረፈው ኩበት ደግሞ ወደ ገብሱ ማሳ ይመለሳል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል አልሰማህም?»

«ወጡን ባያጣፍጥም ባሕር ዛፉን ያተርፋል።»

«የኤሌክትሪኩ ምጣድስ?»

«እሱማ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። የለንደን ሁለት ማሞቂያ ሊያክል ምንም አልቀረው።»

«የኔው በልቶ እንጀራ ይሰጣል። ያንተ ማሞቂያ በልቶ ምን ይሰጣል?»

ልጁ ወደ ሕግ ሸሸ። «እኛም አገር እኮ የኃይል ቁጠባን የሚመለከት የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 አለ።»

«አዋጁ አለ። መብራቱስ?»

የልጁ የመጨረሻ ተስፋ እዚያው አሰላ ያሠራው ቪላ ነበር። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ጭላሎ የዞረ ስስ መስተዋት ነው።

«እሺ፣ የኔ ቪላ ከኤ እስከ ጂ ስንት ያገኛል ይላሉ?»

«ዘበኛህን ጠይቀው። አንተ እስክትመጣ ቪላው ውስጥ እደር ብዬ ቁልፉን ሰጥቼው ነበር። በማግስቱ መልሶልኝ ጥግ ያለችው የጭቃ ሰርቪስ ገባ።»