የገዛ ግቢዬን ብቆፍር ማን አገባው?

አበሻ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ሲገዛ የመጀመሪያውን ዓመት ሳሎኑን ሲያስጎበኝ ይከርማል። በሁለተኛው ዓመት ቤዝመንቱን ያስጨርሳል። በሦስተኛው ዓመት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጓሮ ይወጣና ዛፎቹን አንድ በአንድ በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል። ያኔ ጎረቤት የሆንን ሁሉ ነገር እንደመጣ እንወቅ። ሰውየው በልቡ ጉብታውን ደልድሏል፣ ዛፉን ጥሏል፣ ለፋሲካ ድግስ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ ሳይቀር ለይቷል። የቀረችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፈቃድ። እሷንም "የገዛ ግቢዬን ብቆፍር ማን አገባው?" ብሎ ገና ከሶፋው ሳይነሳ ጨርሷታል።

ለነገሩ ፈቃድ ባይጠይቅም ምክር ይጠይቃል። የሚጠይቀው ግን ካውንቲውን አይደለም፤ ማኅበሩን ነው። የማኅበራችን ሰው ደግሞ ቡናው እስከ በረካ እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ሲቪል መሐንዲስ ነው። ፌርፋክስ የሚኖረው የአጎት ልጅ "2,500 ስኩዌር ፊት ካልደረሰ ዝም ብለህ ቆፍር" ይላል። አልዋሸም፤ ወሰኑ እንዲያ የሆነው ግን ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ነው። ሞንትጎመሪ ሌላ ቁጥር አለው፦ 5,000 ስኩዌር ፊት መሬት ከነካህ፣ ወይም 100 ኪዩቢክ ያርድ አፈር ካንቀሳቀስህ፣ ወይም አዲስ ቤት ከሠራህ የደለል መቆጣጠሪያ ፈቃድ ታወጣለህ። ከማዶ በኩል ሌላው ተነስቶ "ሮክቪል ሂድ፣ ከተማው ይጨርስልሃል" ይላል። እውነት ነው፣ ሮክቪልም ጌተርስበርግም የራሳቸው ፈቃድ ሰጪ አላቸው። ሰውየውም ፖስታው ላይ "ሮክቪል" የሚል አድራሻ ስላለው ደስ ብሎት ይሄዳል። ቤቱ ግን ከከተማው ወሰን ውጭ ኖሮ "እርስዎ የኛ አይደሉም" ተብሎ ይመለሳል። ስደተኛ ነውና ይህን ነገር ከዚህ በፊትም ሰምቶታል፤ በገዛ ቤቱ አድራሻ ሲባል ግን የመጀመሪያው ነው።

"100 ያርድ" ሲባል ደግሞ የሒሳብ ሊቅ እንሆናለን። አሥር ያርድ በሚይዝ ገልባጭ መኪና ሲመነዘር አሥር ጭነት መሆኑ ነው። አንዱ ዘመዳችን ብልሃት አገኘ፦ "በየሳምንቱ ሁለት ሁለት መኪና ቢገባ ማን ይቆጥራል?" አለ። ማን ይቆጥራል? ውሻቸውን በቀን ሦስት ጊዜ የሚያንሸራሽሩት ጡረተኛ አሜሪካዊ ጎረቤት ይቆጥራሉ። እኔም እቆጥራለሁ። ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

በመጨረሻ ማመልከት ግድ ሲሆን፣ ፎርሙ ሳይነበብ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለን፦ "እዚያ የሚሠራ አበሻ የለም?" አለ። የት የለም! በስንት ስልክ ተፈልጎ አንዲት ልጅ ተገኘች። አመልካቹ ጋሼም ሰላምታውን፣ የቤተሰብ ጥየቃውን፣ የአባቷን አገር ሁሉ አዳረሱና ጉዳያቸውን አቀረቡ። ልጅቷ በትዕግሥት ሰምታ፣ በጠራ አማርኛ፣ በሙሉ አክብሮት፣ "ጋሼ፣ ከፍታና ዝቅታውን የሚያሳየው ፕላን የለዎትም፤ መሐንዲስ ፈርሞበት በኢንተርኔት ያስገቡ" አለቻቸው። ይኸንኑ ቃል በኃይል የተከራከሩት በእንግሊዝኛ ሲነገራቸው ነበር። በአማርኛ ሲነገራቸው አመስግነው ወጡ፤ በአክብሮት ሲከለክሉንማ መርቀን ከመውጣት በቀር መልስ የለንም።

መሐንዲስ ሲባል ደግሞ ፊታችን ይለዋወጣል። ኩሽናችን ላይ ለሚነጠፈው ግራናይት ያልሳሳ እጅ፣ መሬቱን ለሚለካ ሰርቬየር ሲሆን ይንቀጠቀጣል። "ሁለት ሰዓት ቆሞ በሦስት እግር ብረት አይቶ ለሄደ ሰው ይኸን ያህል?" እንላለን። ግራናይቱን እንግዳ ያየዋል፤ የሰርቬየሩን ወረቀት ማን ያየዋል? ወሰኑን የተሳሳተ ዕለት ዳኛ ያየዋል።

የዛፉ ነገር ለብቻው ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣችው የደን ጥበቃ ሕግ፣ ስፋቱ 40,000 ስኩዌር ፊትና ከዚያ በላይ በሆነ መሬት ላይ የድልደላ ፈቃድ ስትጠይቁ ይመጣባችኋል። አንድ ኤከር ደግሞ 43,560 ስኩዌር ፊት ነው። እንግዲህ ሰርግ ላይ "አንድ ኤከር አለኝ" እያለ ደረቱን የነፋ ሁሉ ሳያውቀው ባለ ደን ሆኗል ማለት ነው። ሕጉ ለባለ አንድ ቤት ግቢ ነፃ የሚወጣበት ቀዳዳ ሰጥቷል፤ ነፃ መሆኑን ግን አመልክቶ በወረቀት ማስረጋገጥ አለበት። ነፃ ሰው መሆኑን ለማስመስከር ፎርም የሚሞላ ነፃ ሰው ያየሁት እዚህ ነው።

ዲያሜትሩ 30 ኢንች የደረሰ ዛፍ እንዲሁ በቀላሉ አይነካም፤ የሚለካውም ከመሬት አራት ተኩል ፊት ከፍ ብሎ ነው። አንድ ወዳጃችን ይህን እንደሰማ የሚስቱን የልብስ ስፌት ሜትር ይዞ ጓሮ ወጣ። የኦክ ዛፉን አቅፎ ዞረው። ሜትሩ 80 ኢንች ሲለው እዚያው ሥሩ ላይ ዘፍ አለ። "በቃ፣ ይኼ ዛፍ ከኔ የበለጠ መኖሪያ ፈቃድ አለው!" አለ። የሰባተኛ ክፍል ልጁ ከመስኮት ሆና "ዳዲ፣ እሱ ዙሪያው ነው፤ ለ3.14 አካፍለው" አለችው። ሃያ አምስት ኢንች ተኩል አይሞላም። ከዚያ አነሰ ማለት እንደ ልብ ይቆረጣል ማለት ባይሆንም፣ ነፍሱ መለስ አለች። ወላጅ ስብሰባ ሲባል ሁልጊዜ ሥራ የሚደርብበት ሰው በዚያ ዓመት የሒሳብ መምህሯን ሊያመሰግን ቀድሞ ተገኘ።

ጓሮው የጠበባቸው ደግሞ መሬት ይገዛሉ። ስድስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ጎን ለጎን ቤት ሊሠሩ ተማከሩ። ወደ ፑልስቪል አቅጣጫ 25 ኤከር፣ ሜዳ፣ ለምለም፣ ዋጋውም ለኤከር ሲሰላ የማይታመን ተገኘ። ለምን ረከሰ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም "ፈረንጅ ሳይነቃ" ተብሎ ጥድፊያ ሆነ። ፈረንጁ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ነቅቷል። ካውንቲው ያኔ 93,000 ኤከር፣ ሲሶውን የሚያህለውን መሬት፣ ለእርሻ ብሎ ከልሎታል፤ በዚያ ክልል ለ25 ኤከር የሚፈቀደው አንድ ቤት ነው። ለዚያውም የፍሳሽ መስመር ስለሌለ ጉድጓድ ተቆፍሮ መሬቱ ውኃ መምጠጥ አለመምጠጡ ይፈተናል። አገር ቤት ዝናብ እንዲጥል የተሳለ ሰው እዚህ ውኃው ቶሎ እንዲሰርግለት ይሳላል። ስድስቱ ጓደኛሞች የቀራቸው አማራጭ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቤት መኖር ነበር። እሱን ደግሞ አሜሪካ የገቡ ሰሞን ኖረውበት አልፈዋል።

ፈቃዱ በስንት ምልልስ ከወጣ በኋላ ጥቁሩ ጨርቅ ይመጣል። ከጉልበት ከፍ የሚል፣ እግሩ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ የሚታጠበውን አፈር የሚያግድ መጋረጃ ነው። መኪና መውጫው ላይ ደግሞ ጎማ ጭቃውን አራግፎ እንዲወጣ ድንጋይ ይደፋል። የመጣ እንግዳ ሁሉ "ምነው አጥራችሁ አጠረ?" ይላል። አንዷ ጎረቤታችን የልጇ ክርስትና ሲደርስ "ይኼ ጥቁር ነገር ፎቶ ያበላሽብኛል" ብላ አስነቀለችው። ፎቶው አማረ። ማታውን የሐምሌ ነጎድጓድ መጣና ጓሮው ተነስቶ ጎዳና ወጣ፤ ጭቃው እስከ ውኃ መውረጃው ድረስ ቀለም እንደተቀባ ተኛ። በማግሥቱ ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ እሷ የተረፈውን ዶሮ ወጥ ይዛ ተቀበለችው። "ግባ እንጂ፣ እንዴት ቆመህ?" ብትለው "አመሰግናለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አላት። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "የጾምም አለ" አለችው። የሥራ አቁሙ ማስታወቂያውን ለጥፎ ሄደ። እኔ እንኳ የሰው ጉዳይ ማንበብ አልወድም፤ መነጽሬን ያደረግሁት ቀኑን ለማየት ብቻ ነው።

ይኼ ሁሉ ለጭቃ ነው? ለጭቃ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሰፈራችን ብዙም የማይርቀው ብላደንስበርግ እ.ኤ.አ. በ1742 የተቆረቆረ የወደብ ከተማ ነው። ትንባሆ የሚጭኑ የባሕር መርከቦች በአናኮስቲያ ወንዝ ሽቅብ እየመጡ እዚያ መልሕቅ ይጥሉ ነበር። የአካባቢው ሰው ደኑን መነጠረ፣ ትንባሆውን ተከለ፣ ዝናቡም አፈሩን ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ከተተው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደቡ በደለል ሞላና መርከብ ቀረ። ያኔ ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሁሉም የገዛ መሬቱን ነበር የሚቆፍረው።

ከጓሯችን የሚወርደው አፈር ዛሬም መንገዱን አልቀየረም፤ በጅረት አድርጎ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ሜሪላንድ የደለል መቆጣጠሪያ ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለስድስት ግዛቶችና ለዲሲ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚለቁትን ደለል፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ልክ አበጀላቸው። እኛ ግን ነገሩን የምናስተውለው በባሕሩ አይደለም። እኔም "ካውንቲው አበዛው!" ከሚሉት አንዷ ነበርኩ። ጎረቤቴ ጓሮውን ከፍ አድርጎ ደልድሎ ዝናቡ ወደ እኔ ቤዝመንት ማዘንበል የጀመረ ዕለት ግን፣ የካውንቲውን 311 በቃሌ እንደማውቀው ታወቀኝ። በራሳችን ግቢ ሲሆን ቢሮክራሲ ያልነው፣ በጎረቤት ግቢ ሲሆን "ሕግ የለም ወይ?" ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከመቆፈር በፊት 811 ሲደወል ሰዎች መጥተው ከመሬቱ በታች ያለውን በትናንሽ ባንዲራ ምልክት ያደርጋሉ፦ አረንጓዴው የፍሳሽ፣ ቢጫው የጋዝ፣ ቀዩ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። እዚህ ሰፈር ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ አንዲት እናት፣ ጠዋት በር ከፍተው ሣሩ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተሰካክቶ ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "አይ የኔ ልጅ፣ ለኔ ብለህ!" ብለው ግንባሩን ሳሙት። ልጁ እስከ ዛሬ አረንጓዴው የምን እንደሆነ አልነገራቸውም።

እናም ወገኖቼ፣ ዛፍ ለመትከልም ይሁን ጉብታ ለመናድ አካፋ ከማንሳታችሁ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብላችሁ 811 ደውሉ፤ አይከፈልበትም። መሬት ስትገዙ ስለ ዋጋው ከመደሰታችሁ በፊት ምን እንደሚሠራበት ካውንቲውን ጠይቁ። ነፃ ምክር ከፈለጋችሁ ማኅበሩ አለላችሁ፤ እሱ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ግን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።