የኮዬ ፈጬው ሊቅ

ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ውስጥ ጉረኛ አይጠፋም፤ ፎቶን የሚባለውን የብርሃን ቅንጣት እየጠቀሰ የሚጎርር ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። «ምን ተማርክ?» ስባል «ኳንተም ኦፕቲክስ» እላለሁ። ከዚያ የሚከተለውን ዝምታ እንደ ደመወዝ ጭማሪ አጣጥመዋለሁ።

ጉዱ የፈላው ብሎካችን ቡና ላይ ነው። ከሁለት የተቆራኙ ፎቶኖች አንዱ ሲነካ ሌላው፣ የትም ይሁን የት፣ በቅጽበት «ያውቃል» እያልኩ ስለፈልፍ አንዲት እናት፣ «ታዲያ ልጄ፣ ኮዬ ኔትወርክ ሲጠፋ በእሱ ለምን አንደዋወልም?» አሉኝ። ሊቁ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? «ገና አልተፈቀደም!»

እውነቱ ጠፍቶኝ አይደለም። የአንዱን ወገን ፎቶኖች ብቻ ብንቆጥር የምናገኘው የዘፈቀደ ቁጥር ነው፤ ብርሃንና ጨለማ የሚፈራረቅበት የኢንተርፈረንስ መስመር የለም። መስመሩ የሚወጣው የሁለቱ ወገን መዝገብ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ በአንድ ቅጽበት የተመዘገቡት ጥንዶች ሲለቀሙ ነው። መዝገቡን ለማገናኘት ደግሞ ያው ስልክ ያስፈልጋል። ይህን ብል ሊቅነቴም ኔትወርክ ጠባቂ መሆኑ ሊታወቅብኝ ነው።

ይባስ ብዬ ስለ ሰዓት አስተምራለሁ። በ1987 እ.ኤ.አ. ሆንግ፣ ኦውና ማንዴል የተባሉ ተመራማሪዎች ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ፎቶኖችን ግማሹን ብርሃን አሳልፎ ግማሹን በሚመልስ መስታወት ላይ አገናኙ። እኩል ከደረሱ ሁለቱም በአንድ በኩል ይወጣሉ፤ ግራና ቀኝ ያሉት መቁጠሪያዎች አብረው መምታታቸው ይቀራል። አንዱ ከአንድ ፒኮ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ እንኳ ቢዘገይ ነገሩ ይፈርሳል። ይህን በስሜት የምተነትነው እኔ ዕድር የምደርሰው የቀሪዎች ቅጣት ሲነበብ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን «እኛ» ማለቴ ነው። ኢትዮጵያዊው የፊዚክስ ተመራማሪ ስንታየሁ ተስፋ በ2006 እ.ኤ.አ. በፊዚካል ሪቪው ኤ መጽሔት ላይ ስለ ባለ ሦስት እርከን ሌዘር ጽፈዋል። አቶሙ ከላይኛው እርከን ወደ መካከለኛው፣ ከዚያ ወደ ታችኛው ሲወርድ ሁለት ፎቶን ይለቃል፤ የብርሃኑ ቁርኝት በላይኛውና በታችኛው እርከን መካከል ካለው የሞገድ ቅንጅት (ኮኸረንስ) ይመነጫል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፍሥሐ ካሣሁን ደግሞ በኳንተም ኦፕቲክስ ሙሉ የመማሪያ መጽሐፍ አላቸው። «እኛ እኮ ሌዘሩ ላይ ብዙ ሠርተናል» እላለሁ። የእኔ ድርሻ መጽሐፉን እንግዳ በሚያየው መደርደሪያ ላይ ማቆም ነው።

በቅርባችን ባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የጎረቤት ልጅ ልዋሰው ብላኝ ነበር። ከለከልኳት፤ ታነበዋለች ብዬ ፈራሁ።