ቀበቶህን ፍታ፤ ትባረካለህ

ላፕቶፕ ከቦርሳው ይወጣል ወይስ አይወጣም? መልሱን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ለእኔም ለፈታሾቹም ይንገር። አንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቦርሳዬን እንዳለ ትሪው ላይ ሳስቀምጥ፣ “ላፕቶፕ አውጣ ሲባል አትሰማም?” ተባልኩ። ትምህርቱን ወስጄ፣ በሚቀጥለው ገና ከሰልፉ ጭራ ላይ አውጥቼ፣ ቻርጀሩን ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ ታቅፌ ቀረብኩ። “ማን አውጣ አለህ? መልሰው! ሰው እኮ እያስቆምክ ነው!” ሕጋቸው ለየቅል ነው፤ ቁጣቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ሕጉ ከእናቴ ማሕፀን ጀምሮ ሲነገረኝ የኖረ ይመስላቸዋል። ጫማም እንደዚያው ነው። ጃኬትም። ሰዓትም።

በዚህ ነገር ስበግን ኖሬ ኖሬ በመጨረሻ ልብ ገዛሁ። ይህ ሁሉ ሰው፣ በዚህ ሁሉ አገር፣ በዚህ ሁሉ ማሽን የሚደክመው በከንቱ ሊሆን አይችልም። ረጋ ብዬ ሳስበው የፍተሻ በር ያልተዘመረለት የበረከት ምንጭ ሆኖ አገኘሁት። የምናጉረመርመው ጥቅሙን ስላላወቅን ነው።

አንደኛው በረከት እኩልነት ነው። ስንት ትውልድ ታግሎለት ያላገኘውን እኩልነት አንድ የፕላስቲክ ትሪ በሁለት ደቂቃ ያመጣዋል። ዕድሜ ልካቸውን “ጋሼ” እየተባሉ፣ ሲገቡ ሰው ከመቀመጫው እየተነሳላቸው የኖሩ ሰው፣ የልጅ ልጃቸው በሚሆን ጎረምሳ “ፋዘር፣ ቀበቶ!” ሲባሉ ማየት ምንኛ ትሕትናን ያስተምራል! “ማዘር፣ ጫማ!” ይቀጥላል። ነጋዴው፣ ዶክተሩ፣ ከአረብ አገር የምትመለሰው እህት፣ ሁሉም በካልሲ፣ ሁሉም በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው ፓስፖርቱን ይዞ በእኩልነት ይንሸራተታል። ሚኒስትሩማ በሌላ በር ነው የሚገባው። እኩልነቱ ከእሱ በታች ላለነው ነው።

ትልቁ በረከት ግን እስካሁን ማንም ያልተጠቀመበት ነው፤ ጋብቻ።

ድሮ ልጅ ሲታጭ ዘር ማንዘር ይጠየቅ፣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር። ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ እቁብተኛው ይመሰክራል። ችግሩ ሁሉም ይዋሻል። ጎረቤት ለይሉኝታ፣ ዘመድ ለስሙ፣ ጓደኛ ለድግሱ ብሎ ይዋሻል። ፍተሻ በር ላይ ግን ውሸት የለም። ስለዚህ የልጅቷ ቤተሰብ ከእንግዲህ ሦስት ሽማግሌ መርጦ፣ ርካሽ ትኬት ቆርጦ፣ ከተጠያቂው ልጅ ኋላ ያሰልፍ።

የመጀመሪያው ሽማግሌ ትዕግሥቱን ይመዘግባሉ። ሰልፉ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብሎ ልክ በሩ አጠገብ ሲደርስ “ይሄ መስመር ተዘግቷል፣ ወደዚያ!” ሲባል ምን አለ? “እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?” ካለ ስሙ እዚያው ይሰረዝ። ሁለተኛው ሽማግሌ ትሪውን ይመለከታሉ። ኪሱ ሲራገፍ ምን ወጣ? ቁልፉ የቤት ነው የመኪና? መኪናው የራሱ ነው የተዋሰው? ያቺ ትንሿ እንክብል የራስ ምታት ናት የሌላ? ሁለተኛው ስልክስ? አንድ ቁጥር ነው የሰጠን እኮ! ሦስተኛው ሽማግሌ ዓይናቸው ከወለሉ አይነሳም፤ የእሳቸው ሥራ ካልሲ ነው። አውራ ጣቱ ብቅ ብሎ አዳሜን የሚታዘብ ከሆነ፣ ልጁ ወይ ብቸኛ ነው ወይ ቸልተኛ። ሁለቱ ካልሲዎች የማይመሳሰሉ ከሆነ ሌሊት አድሮ የመጣው የት እንደሆነ ይጣራ። ሽታውን ሽማግሌው ራሳቸው ይፍረዱ።

ከማሽኑ ወዲያ ማዶ ያለው ፈተና ይበልጣል። ትሪዎቹ ተከታትለው እየወጡ፣ ኋላው ያለው ሰው እየገፋው፣ ልጁ መጀመሪያ ምን ያነሳል? ስልኩን ያነሳ እንደሆነ ትዳሩም ውስጥ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱኑ ነው። ፓስፖርቱን ያነሳ አስተዋይ ነው። የሌላ ሰው ቀበቶ አንስቶ የታጠቀ… ይህን ለወላጆች እተወዋለሁ። የወንዱም ወገን ዝም ብሎ አይቀመጥ፤ አክስቶቹን ይላክ። እሷ የእጅ ሻንጣዋ ተከፍቶ ዕቃዋ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ፈገግ ብላ መልሳ ካጠፈችው፣ ያቺ ልጅ አማትን ትችላለች።

ሁለቱም ካለፉ ሰርጉንም እዚያው መጨረስ ነው። ጥሎሹ በኤክስሬይ ይለፍ፤ ወርቁ ወርቅ መሆኑ በስክሪን ይታያል፣ “አራት አምባር ነው፣ አይደለም ሦስት ነው” የሚባል ጭቅጭቅ የለም። ሚዜዎቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ስካነሩ ውስጥ ሲቆሙ ማን ምን ደብቆ እንደመጣ ይታወቃል። ጠጅም ቢሆን በአንድ ብርሌ ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ደጋሹ ከዕዳ፣ ታዳሚው ከስካር ይድናል። ሽኝት የሚባለውም አያስቸግርም፤ ሸኚ ድሮውንም ከበሩ አያልፍም። ምስክር ከተፈለገ ፈታሿ አለች። በዚያ ስክሪን ላይ ያየችውን የንስሐ አባታቸውም አያውቅ!

እኔ ግን አግብቼ ጨርሻለሁ። ታዲያ ለምንድን ነው በየበሩ ቀበቶዬን የምታስፈቱኝ?

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ። ሌላው በረከት ታሪክን መጠበቁ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የፍተሻ ሕግ ግን እያንዳንዱ ጅብ ያለፈበትን ቀን ሳይረሳ ይጮኻል። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2001 ሪቻርድ ሪድ የተባለ ሰው ከፓሪስ ወደ ማያሚ ሲበር ጫማው ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ በክብሪት ሊለኩስ ሞከረ፤ ጫማችን ተጠርጣሪ ሆነ። ነሐሴ 2006 የእንግሊዝ ፖሊስ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈሳሽ ፈንጂ አሳፍረው አትላንቲክን በሚያቋርጡ አውሮፕላኖች ላይ ሊያፈነዱ ያሴሩ ሰዎችን ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ሻምፑም ሽቶም የጥርስ ሳሙናም በ100 ሚሊ ሊትር ተወሰነ። በ2009 የገና ዕለት ደግሞ ወደ ዲትሮይት በሚበር አውሮፕላን ላይ አንድ ወጣት ፈንጂውን የውስጥ ሱሪው ውስጥ ሰፍቶ ተሳፈረ። እዚህ ላይ ፈታሾቹን ከልቤ አመሰግናለሁ። በጫማው ሂሳብ ቢሄዱ ኖሮ ምን እንደሚያስወልቁን ታውቃላችሁ። ሰውነት የሚያይ ስካነር ብቻ አብዝተው ተዉን።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ግን ማንም የማይጠቅሳት ነገር አለች። የጫማውንም የውስጥ ሱሪውንም ሰው የያዘው ማሽን አይደለም፤ ሁለቱም ፍተሻውን አልፈው ነበር። የያዟቸው ተሳፋሪዎችና አስተናጋጆች ናቸው። ሪድን ዘለው አንቀው፣ ባገኙት ነገር፣ በገዛ ቀበቷቸው ጭምር ጠፍረው አሰሩት። ያንን ቀበቶ ነው ዛሬ የምንፈታው።

ስለ ፈሳሽ ከተነሳ ያየሁትን ልናገር። ስሙን በማልጠራው አንድ በር ላይ ከፊቴ የቆሙ እናት ከነጠላቸው ሥር የማር ማሰሮ አወጡ፤ አንገቱ በላስቲክ የታሰረ፣ ከላይ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ሰፈፉ ዙሪያውን የደረቀበት። ለሴት ልጃቸው አራስ ጥየቃ ነው የሚሄዱት።

“እማማ፣ ይሄ አያልፍም። ፈሳሽ ነው።”

“ማር እኮ ነው፣ ልጄ።”

“ማርም ፈሳሽ ነው፣ እማማ።”

“ከጠረጠርሽ ልቅመስልሽ!” አሉና መክፈት ጀመሩ። እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ጠጅ አሳላፊ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም ነበር፤ ከዚህ የበለጠ የደኅንነት ፍተሻ የታለ?

“መክፈት አይቻልም።”

“እንግዲያውስ አንቺው ውሰጂው፣ ለልጆችሽ ይሁን።”

“መቀበል አይፈቀድልንም።”

ማሰሮው ከነጨርቁ አጠገባችን ባለው ቅርጫት ውስጥ፣ በሎሽንና በውሃ ጠርሙስ ላይ ወደቀ። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ፈታሿም ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች፤ እሷም አልተደሰተችበትም።

አሁን ሽሙጡን ትቼ ልጠይቅ። ማሰሮው ፈንጂ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ከሰጋችሁ፣ ሁለት መቶ ሰው በተሰለፈበት መሐል ወርውራችሁ አጠገቡ እንዴት ትቆማላችሁ? አልሰጋንም ካላችሁ ደግሞ የአሮጊቷን ማር ለምን ትቀማላችሁ? ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው፤ የትኛው እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ከዚያው በር ሃያ እርምጃ አልፋችሁ ዲዩቲ ፍሪ ስትደርሱ የአንድ ሊትር ውስኪ በክብር ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ፈሳሽ በደረሰኝ ሲገዛ ንጹሕ ይሆናል ማለት ነው።

ዱቄትም አልቀረለትም። ከፈረንጆቹ 2018 ክረምት ጀምሮ ከባዕድ አገር ወደ አሜሪካ የሚበር ሰው በእጅ ሻንጣው ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት ከያዘ ለብቻ ይመረመራል፤ ካላሳመነም ዱቄቱ አይሳፈርም። ሽሮ እንደ ፈንጂ ዱቄት የሚጠረጠርበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ለበርበሬው ግን አልከራከርም፤ ስለ ሚጥሚጣ ደግሞ ፈታሾቹ ከጠረጠሩት በላይ እኔ አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ውጤት ባያመጣ ኖሮ አልጽፍም ነበር። አምጥቷል። በ2015 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የራሱን መርማሪዎች መንገደኛ አስመስሎ፣ አስመሳይ ፈንጂና መሣሪያ አስይዞ በተለያዩ በሮች ልኮ ነበር። በመገናኛ ብዙኃን እንደተዘገበው ከ70 ሙከራ በ67ቱ ሳይያዙ አለፉ። ምናልባት ሦስቱ ማር ይዘው ነበር።

የሕጉን ጽናትም ተመልከቱ። በጠንካራ አዲስ ስካነር ተማምነው የ100 ሚሊ ሊትሩን ገደብ ያነሱ የእንግሊዝና የአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያዎች በ2024 እንደገና ገደቡን እንዲመልሱ ታዘዙ። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ በጸደይ ሰላማዊ፣ በበጋ አደገኛ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካው ጫማ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ አብዛኛው መንገደኛ ሲያወልቀው ኖሮ በሐምሌ 2025 አንድ መግለጫ ተሰጠና ነጻ ወጣ። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ በዚያ ቀዝቃዛ ወለል ላይ በካልሲ ለቆመው እግር ይቅርታ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ፈንጂ የለም አላልኩም። አለ፤ የሞከሩም አሉ፤ መፈተሽም ያስፈልጋል። እኔን የሚያንገበግበኝ የሕጉ መኖር ሳይሆን ከወጣ በኋላ ጌታ አልባ ሆኖ መቅረቱ ነው። ያወጣው ሰው ጡረታ ወጥቷል፤ የሚያስፈጽመው ልጅ ለምን እንደወጣ አልተነገረውም፤ የሚፈጸምበት መንገደኛ ደግሞ አውሮፕላን እንዳያመልጠው ፈርቶ አይጠይቅም። በዚህ መሐል ሁሉም እየታዘዘ ሁሉም የተጠበቀ ይመስለዋል።

ለመድኃኒት እንኳ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍለታል። እያንዳንዱ የፍተሻ ሕግም በሩ ላይ ሁለት መስመር ይለጠፍለት፦ ለምን እንደወጣ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ። ቀኑ ሲደርስ ያወጣው አካል መጥቶ በአደባባይ ያድሰው ወይም ይሻረው። በየአገሩ ያለው መመሪያም ቢያንስ ከአንድ ቀን በረራ በላይ ዕድሜ ይኑረው። ያን ጊዜ “ለምን?” ብሎ የጠየቀ ሰው ለተጨማሪ ፍተሻ ወደ ጎን ካልተወሰደ ደግሞ ምርቃት ነው።