ገድለ አንባቢ ዘሐሮ ወንጪ

ለቀደሙት ቅዱሳን ገድል የሚጻፍላቸው ዋሻ ዘግተው፣ ጤዛ ልሰው፣ ድንጋይ ተንተርሰው ዓለምን ድል ስለ ነሡ ነበር፤ ደጉ ዘመናችን ግን ያን ሁሉ መከራ አስቀርቶ፣ በዓመት ውስጥ አምሳ ታላላቅ መጻሕፍትን ላነብ ተስያለሁ ብሎ በመስከረም የሚነሣ፣ ስእለቱንም ለወዳጅ ለዘመድ በማስታወቅ ገና አንድ ገጽ ሳይገልጥ የምስጋናውን እኩሌታ የሚቀበል አዲስ ተጋዳይ ስላስነሣልን፣ ገድሉን ሳንጽፍለት ብንቀር በሰማይም በምድርም የሚያስወቅሰን ይመስለኛል።

የተጋዳያችን የመጀመሪያ ትሩፋቱ ዝርዝሩ ነው። በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተጽፎ፣ ከየመጽሐፉ ስም ፊት ባዶ ሣጥን ተሥሎለት፣ «ጦርነትና ሰላም»፣ «ወንጀልና ቅጣት»፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ «አደፍርስ»፣ «ኦሮማይ» እያለ ይወርዳል፤ ባለቤቱም ከመጻሕፍት ሁሉ አብልጦ የሚደግመውና በቃሉ የያዘው ይህንኑ ዝርዝር ነው። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳትሞ፣ መጽሐፉ ከየሱቁ ከተለቀመ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ከቤቱ እንደ ወጣ ቀርቷል፤ ተጋዳያችንም ለእንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚገባውን ክብር አልነፈገውም፤ በቀይ እስክሪብቶ አንድ «ራይት» አድርጎለታል።

ዝርዝር የያዘ ሰው ደግሞ ገዳም ያስፈልገዋልና ሐሮ ወንጪ ተመረጠ። ከአምቦ ተነሥቶ ዳገቱን ለወጣ ሰው፣ እሳተ ገሞራ በተወው ጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ሐይቁ ተኝቶ፣ በሐይቁም መካከል ባለችው ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣ ትታያለች፤ ስፍራው ለመናንያን የተመቸ ነበር፣ «ገበታ ለአገር» መንገዱንና ማረፊያውን ካሳመረው ወዲህ ግን ለአንባብያን ይበልጥ ተመችቷል። ተጋዳያችን ከገደሉ አፋፍ ላይ ይቆማል፤ መጽሐፉን ሽፋኑ እንዲነበብ አድርጎ ደረቱ ላይ ያስጠጋል፤ ሐይቁ ከትከሻው በላይ መታየቱን ካረጋገጠ በኋላ ፎቶግራፉን ይነሣል፤ ይህም የዕለቱ ንባብ ተፈጸመ ማለት ነው። ከአምቦ ውሃ ጠርሙስ የተላጠችው፣ ምልክት ትሆን ዘንድ በመጽሐፉ መካከል የገባችው ወረቀት ከክረምት ጀምሮ ከሦስተኛው ምዕራፍ ፈቀቅ አለማለቷን ያየ ሰው፣ ጽናት ከማን እንደሚማር ያውቃል።

ወደ ሐይቁ የሚያወርደውን ፈረስ የሚስቡት ሽማግሌ መጽሐፉን አይተው፣ «ልጄ፣ እሱ ምንድር ነው?» አሉት።

«ፍቅር እስከ መቃብር ነው፣ አባባ።»

«ይኸ ወጋየሁ በራዲዮ ያነበበልን አይደለም እንዴ! በዛብህን ሽፍቶቹ ከመቱበት ደርሰሃል?»

«ኧረ አባባ፣ ገና ነኝ፤ እባክዎን መጨረሻውን አይንገሩኝ!»

ከዝርዝሩ ላይ ግን መጽሐፉ ራይት ከተደረገለት ሰንብቷል። ሽማግሌው ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ ስለ ጉዱ ካሣ ምላስ፣ ሰብለ ወንጌልም ስለ መነኮሰችበት ኀዘን እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ እያወሩ ወረዱ፤ ነገር ግን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በጆሮ የሰሙት፣ ሣጥንም ያልሣሉለት በመሆኑ፣ በአዲሱ ቀኖና መሠረት ይህን መጽሐፍ አላነበቡትም። በዚሁ ቀኖና ብንሄድ ድጓውንና ቅኔውን በቃሉ የተቀበለው የአብነት ተማሪ ሁሉ መሃይም መሆኑ ነው፤ ደግነቱ እርሱም ዝርዝሩን ስላላየ አያዝንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝኑኝ ጊዜያቸውን በአንድ መጽሐፍ ላይ ያባከኑት ናቸው። የትርጓሜ መምህር ለአንድ ንባብ «አንድም» እያለ ምሥጢር ሲያወጣ ይመሽበታል፤ በዚህ አካሄድ በዓመት አምሳ መጻሕፍት እንዴት ይገኛሉ? ከአምቦ ሩቅ ባልሆነችው በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም፣ በልጅነቱ ግእዝና ቅኔ ተምሮ እንዲህ ያለ ክፉ ልማድ ስለ ተጠናወተው፣ «ኦቴሎ»ን አንብቦ ወደሚቀጥለው መሻገር ሲገባው ተቀምጦ ወደ አማርኛ መለሰው፤ በዚያም ሳይጸጸት «ሐምሌት»ን ደገመ። ተጋዳያችን «ኦቴሎ»ን በአንድ ቅዳሜ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ አጠናቅቆታል፤ የጸጋዬን አማርኛ ለማየት ያልፈለገው አንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አይቈጠርም ብሎ ነው።

የገድሉ ፍጻሜ በጳጉሜን ይሆናል። የተሳለው ሳይሞላ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በመስከረም ፊታቸው ያልታየ ቀጫጭን መጻሕፍት በድንገት ሞገስ ያገኛሉ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመ፣ የአማርኛ ልብ ወለድ በኵር ነው፤ ለተጋዳያችን ግን የመጽሐፉ ክብር በበኵርነቱ ሳይሆን በእጅ ሲመዘን እጅግ በመቅለሉ ነው፤ የቶልስቶይ ነገር ግን ለከርሞ ስእለት ተላልፏል። ይህን ጠባይ የሚያውቅ መጽሐፍ ሻጭ ጳጉሜን ሲጠባ የደራሲውን ስምና የመጽሐፉን ርእስ ትቶ፣ መጻሕፍቱን በውፍረታቸው ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ከስሱ ጫፍ በኩል ቆሞ ይጠብቃል።