ፍየል መሸጥ በማስተርስ

እናንተ እኩዮቼ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል ነበር፤ የዛሬው ጉድ መስከረምንም አይጠብቅ። ጭፍራ ገበያ ፍየል እያገላበጥን ባረጀንበት አገር፣ የእህቴ ልጅ ንግድ ለመማር ሚሌን እያለፈ ሰመራ ይመላለሳል። ለማስተርስ! ሁለት ዓመት! በሁለት ዓመት እኮ ፍየል ወልዳ፣ ልጇም ትወልዳለች።

ምን ተማርህ ብለው አራት ሳጥን አሰመረልኝ፦ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ዕድል፣ ስጋት። ያ ረቢ! ይህንንማ ደላላው ዓይኑን ሲጠቅሰኝ ጨርሼ አውቀው የለም? ስለ ገበያ መረጃም ያነበንብልኛል። አፋሩ መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል፤ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ አገሩ ሰላም ነው ወይ፤ የሰማውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ለዳጉ ስንት ክሬዲት ሐወር ሰጡት?

ይህን የንግድ ማስተርስ ዲግሪ የጀመረው ሃርቫርድ የተባለ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ነው አሉ፣ በ1908 እ.ኤ.አ.። ያኔ የእኛ አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በግመል ደጋ እየወጣ ገንዘብ ሆኖ ይገበያዩበት ነበር። የዋጋ ንረት ማን ሰምቶ! ዝናብ ካገኘው ገንዘቡ ይሟሟል እንጂ ዋጋው አይንርም። ዱቤም በልብ ነበር የሚያዝ። እኔ እስከ ዛሬ ሁሉንም በልቤ ይዣለሁ፤ የረሱት ተበዳሪዎቹ ናቸው።

አሁን ደግሞ ቴሲስ ነው። «የደንበኞች እርካታ» ብሎ የመጠይቅ ክምር ይዞብኝ መጣ፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም»። እኔ በዕድሜዬ በምንም ነገር በጣም ተስማምቼ አላውቅም። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይውላል። ስለ ስልክ ክፋት ድምፄን እየቀረጽሁ ለዘመድ ሁሉ እልካለሁ፣ ሰምቶ የሚመልስልኝ ግን የለም።

የባንክ ብድር ስጠይቅ ዕቅዱን የጻፈልኝ እሱ ነው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ገበያው ሁሉ «ማስተርሱ» እያለ ይጠራዋል። ማን እንዳወራ እንጃ፤ እኔ የነገርኩት ለደላሎቹ፣ ለሻይ ቤቷና ለሾፌሮቹ ብቻ ነው።

መጠይቅ የምታዞሩ ልጆች፣ በገበያ ቀን አትምጡብኝ። በሌላው ቀን ግን የእናንተ ሳጥን ስለማይበቃኝ ባዶ ወረቀት ጨምራችሁ ኑ።